የዛሪማው የብረት ፍሬ

ጥቅምት ፰ ቀን ፲፱፻፴፩፥ ማክሰኞ። ጎንደር።

ይህን ደብተር የሰጠኝ ዶቶር ኮርኔቶ ነው። የድንጋዮቹን ስምና የተገኙበትን ቦታ በአማርኛ እንድጽፍበት ነበር። ሌላ ትልቅ መዝገብ ስለ መጣለት ይኸኛው ተረፈ። የራሴን እጽፍበታለሁ።

ስሜ ዳኛው ነው። ከጦርነቱ በፊት አሥመራ አራት ዓመት ሱቅ ስጠብቅ ጣልያንኛ ለመድሁ፤ ዛሬ የምበላው በሱ ነው። እስካለፈው ወር ድረስ ለጣልያኑ ሻምበል፥ ለካፒታኖው፥ አዋጅ ስተረጉም ነበር። አሁን ለዶቶሩ አውሰውኛል። ዶቶሩ የድንጋይ ሊቅ ነው፤ ለአገሩ ሙዚየም የሚሆን ድንጋይ ይሰበስባል፤ የወታደር ነገር አይወድም። ሚስቴ ታየች ይህን ስትሰማ ደስ አላት። "ከድንጋይ ጋር መዋል ይሻላል፤ ድንጋይ ሰው አያሳጣም" አለችኝ።

ስለ ወንድሜ ስለ ክንዱ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መተማ ለንግድ ሄዶ ቀረ ብያለሁ። እዚህም እንዲያው ይጻፍ።

ጥቅምት ፲፩፥ ዓርብ።

ወለቃ ሄድን። ዶቶሩ ብረት ከድንጋይ ማቅለጥ የሚያውቅ ቀጥቃጭ ፈልጉልኝ ብሎ ነበር። ዛሬ ሁሉም የጣልያንን ቁርጥራጭ ብረት እያነሣ ስለሚሠራ ድንጋዩን የሚያቀልጥ ጠፍቷል። አንድ ሽማግሌ አለ አሉን፤ አያ ባዬ ይባላል። አባቶቹ ዛሪማ ቆላ ወርደው የብረት ድንጋይ ይቆፍሩ ነበር።

ከግቢው በር ላይ አስቆመን። ፈላሾች ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አይወዱም። ልጁ አገኘሁሽ በጭቃ እንስራ እያበጀች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችን። እኔም ልቤ ፈራ ፈራ አለ። ቀጥቃጭ ዓይኑ ያርፍብሃል ብላ ታየች ክታብ አንገቴ ላይ አስራብኝ ነበር። ሽማግሌው ከሩቅ አይቶት፥

"ያን ክታብ አውልቀው። ዛሪማ ቆላ ነው፤ አንገትህን ይልጥሃል" አለኝ።

ዶቶሩ ምን እንደምንፈልግ ነገረው። አያ ባዬ ቤት ገብቶ በጨርቅ የተቋጠረ ጥቁር ድንጋይ አመጣና መሬት ላይ አስቀምጦ ራቅ አለ። ዶቶሩ መርፌ ቢያስጠጋበት ልጥፍ አለ። በጥቁሩ ላይ እንደ ሮማን ፍሬ ያለ ቀይ ነገር ተሰክቶበታል፤ የእያንዳንዱ ፍሬ ገጽ በሞረድ የተሞረደ ይመስላል። ዶቶሩ እያገላበጠ አየው።

"የት ነው?" አለ።

"ምን ያደርግለታል?" አለ አያ ባዬ።

"ሰው እንዲያየው ቤት ውስጥ ያስቀምጠዋል" አልሁ።

"ሳያቀልጠው?"

"ሳያቀልጠው።"

ሽማግሌው ነገሩ አልገባውም። መሄዱንም አልፈለገው። ዶቶሩ ቢለምነው እንቢ አለ፤ ኋላ እኔ በአማርኛ ተናገርሁት። ምንም አይደርስብህም፥ በኔ ይሁንብህ አልሁት። ሰንበቴን ካላስሻራችሁኝ እሺ አለ።

ጥቅምት ፳፪፥ ማክሰኞ። ዛሪማ።

በካሚዮን ሦስት ቀን። የሊማሊሞ ቁልቁለት። ሁለት ጊዜ ወርደን በእግራችን። ሙቀት። ዶቶሩ ትኩሳት ጀምሮታል። ካፒታኖው ለጥበቃ የሰጠን ስድስት ወታደር ሲያጉረመርም ይውላል። ክታቡን አውልቄዋለሁ።

ጥቅምት ፳፯፥ እሑድ።

ዛሬ ለኔ ሲባል አልተሠራም፤ ትናንት ለአያ ባዬ ሲባል አልተሠራም። ወታደሮቹ ይህን በሳምንት አምስት ቀን የሚቆፈር ጉድጓድ ይሉታል።

ቦታው ከዛሪማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከሸለቆው በአንዱ ወገን ነጭ ዕብነ በረድ፥ በሌላው ወገን ግራጫ ጠንካራ ድንጋይ አለ። አያ ባዬ ያቆመን ሁለቱ በሚገናኙበት ጠባብ መስመር ላይ ነው። አባቶቹ የቆፈሩትን ጉድጓድ ግራር በቅሎበት አገኘነው። "ቀዩን ፍሬ ተከተል፤ ብረቱ ከኋላው ነው ይሉን ነበር" አለ። የብረት ፍሬ ይሉታል።

ዶቶሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ድንጋዩ እንዴት እንደ ተፈጠረ ለአያ ባዬ እንዳስረዳለት ጠየቀኝ። እንደ ሰማሁት እጽፋለሁ።

ነጩ ድንጋይ ጥንት የባሕር ወለል ነበር። ዛጎሉ፥ ቀንድ አውጣው፥ የባሕር ደለሉ እየተጠራቀመ ኖራ ሆነ። ስንት ሺህ ሺህ ዘመን ቆይቶ ከምድር ሆድ የቀለጠ ዐለት እየገፋ መጣና ከጎኑ ተኛ፤ ግራጫው ድንጋይ እሱ ነው። በሙቀቱ የኖራው ድንጋይ በሰለና ዕብነ በረድ ሆነ። ከቀለጠው ዐለት ደግሞ የፈላ ውሃ ወጥቶ ብረት ተሸክሞ በስንጥቁ ገባ። ኖራው የራሱን ሰጠ፥ ውሃውም የያዘውን ሰጠ፤ በድንበሩ ላይ ከሁለቱም ዘንድ ያልነበረ ነገር በቀለ። መጀመሪያ ቀዩ ፍሬ፥ ቀጥሎ ጥቁሩ ብረት፥ ሙቀቱ እየበረደ ሲሄድ እንደ ሣር የቀጠነው አረንጓዴ። የዚህን ሁሉ ስም "ስካርን" ይለዋል። የሩቅ አገር ቆፋሪዎች ያወጡለት ስም ነው፤ ጥራጊ ማለት ነው አለኝ። እነሱ ብረቱን ወስደው ይህን ይጥሉት ነበር።

አያ ባዬ አገጩን ይዞ ሲሰማ ቆየና፥ "ምድጃ ነው በለኛ" አለ።

"እውነቱን ነው፤ ምድጃ ነው" አለ ዶቶሩ።

"ወናፉን ማን አናፋው?"

ይህን ስተረጉምለት ዶቶሩ ሳቀ። ከተዋወቅን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

ኅዳር ፭፥ ሰኞ።

ድንጋዩን እንደ አያ ባዬ የሚያወጣው አልተገኘም። ወታደሮቹ በመዶሻ ሲመቱት ፍሬው ይሰበራል። እሱ እንደ ወስፌ የቀጠነ መሮ ለራሱ ሠርቶ ዙሪያውን እየፈለፈለ ከነሥሩ ያወጣዋል። ጠዋት የጀመረውን ማታ ይጨርሳል። እጁን ሳየው እውላለሁ። ስለ ቀጥቃጭ የሰማሁትን ሁሉ አስባለሁ፤ አፍራለሁ።

ዛሬ በዐለቱ ውስጥ ያለ አንድ ክፍተት በነጭ ድንጋይ ተደፍኖ አገኘን። ዶቶሩ ቁራሹን አሲድ ውስጥ ነከረው። ነጩ እንደ ጌሾ ጥንስስ አረፋ እያወጣ ሟሟ፤ ከሥሩ ቀያዮቹ ፍሬዎች ሳይጎዱ ወጡ። ፍሬው መልኩን የሚያወጣው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ብቻ ነው አለን ዶቶሩ። ቦታ ካጣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፥ ቅርጽ ሳይኖረው ይቀራል። ነጩ በኋላ መጥቶ የሞላው ነው።

በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ዶቶሩ ከስሙ ሥር "ያገኘው፦ ባዬ፥ ዘወለቃ" ብሎ ያስጽፈኛል። ለአያ ባዬ ስነግረው፥ "ስሜ ፈረንጅ አገር ምን ይሠራል?" አለ። ግን ማታ እንደገና አንብብልኝ አለኝ። ስናወራ ፈላሻ ብዬ ብጠራው ግን ስሙን አልወደደውም። "እኛ ቤተ እስራኤል ነን" አለኝ። ከእንግዲህ እንዲያ እላለሁ።

ኅዳር ፲፬፥ ረቡዕ።

አንድ መንገደኛ ማጭድ ሊያስጠግን መጣ። የማላውቀው ሰው ነው። ማጭዱን በሰሌን ጠቅልሎ ይዞታል፤ ረጅም ማጭድ ነው። ዶቶሩ በትኩሳት ተኝቷል፤ ወታደሮቹ ውሃ ወርደዋል። አያ ባዬ ሰሌኑን ገለጥ አድርጎ አየና ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ፊቴን አዞርሁ።

ሰውዬው ከስቷል። ነጠላዬንና የተረፈኝን ኪኒን ሰጠሁት። ለማያውቁት መንገደኛም ይሰጣል። ስለ እናት ተዝካር ጠየቀኝ። ወጥቷል አልሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደ። ምንም አላየሁም።

ኅዳር ፲፭፥ ሐሙስ።

አያ ባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ቆሎ ሲቆረጥም፥ "የትናንቱ ሰው አፍንጫው ያንተን ይመስላል" አለኝ።

"የአገር ሰው ይመሳሰላል" አልሁ።

"ይመሳሰላል" አለ። ቆሎውን መቆርጠም ቀጠለ።

ኅዳር ፳፪፥ ሐሙስ።

ትልቁ ተገኘ። የሁለት እጅ ጭብጥ የሚያህል ጥቁር ብረት፥ በላዩ አሥራ ሰባት ቀይ ፍሬ፥ በመካከላቸው አረንጓዴ እንደ አዲስ የበቀለ ጤፍ። አያ ባዬ አራት ቀን ፈጀበት። ዶቶሩ ከአልጋው ተነሥቶ መጥቶ አየው፤ እንባ አቀረረ። እኔም ደስ አለኝ። በዚህ ዘመን ደስ የሚል ነገር አለ ብዬ መጻፌ ሳያሳፍረኝ አልቀረም።

ታኅሣሥ ፫፥ ሰኞ።

ደብዳቤ መጣ። ዶቶሩ አነበበው፤ አጠፈው፤ እንደገና አነበበው። ድንኳኑ ገብቶ ቀረ። ምሳ አልበላም።

ታኅሣሥ ፬፥ ማክሰኞ።

ጠዋት ጠራን፤ እኔንና አያ ባዬን። በአገሩ አዲስ ሕግ ወጥቷል። አይሁዳዊ የሆነ ሰው በመንግሥት ሥራ አይቀመጥም፥ አያስተምርም። ዶቶሩ ተሽሯል። በዚህ ሳምንት ወደ ምጽዋ ወርዶ መርከብ ይሳፈራል።

"ለባዬ ንገረው፤ እኔም ከእስራኤል ወገን ነኝ" አለኝ።

ነገርሁት። ሽማግሌው መጀመሪያ የቀለድሁ መሰለው።

"ሰንበት ያከብራል?"

"አላከብርም ይላል።"

"ኦሪትን ያነባል?"

"አላነብም ይላል።"

አያ ባዬ ዶቶሩን ከራሱ እስከ እግሩ አየው። "ታዲያ በምን አወቁት?"

ዶቶሩ ይህን ስተረጉምለት ደብዳቤውን ወደ ኪሱ መለሰ። ኋላ፥ "የአያቴ ስም መዝገብ ላይ አለ" አለ።

"እኛን ሕጋችንን ስለ ጠበቅን ይጠሉናል" አለ አያ ባዬ። "እሱን ሳይጠብቅም ጠሉት። ይህን አትንገረው፤ ያዝናል።"

አልነገርሁትም። የሰማሁትን ሳልተረጉም ስቀር ይህ መጀመሪያዬ ነው።

ዶቶሩ ለአያ ባዬ የምስክር ወረቀት ጻፈለት፤ ታማኝ ሠራተኛ ነው፥ ማንም አይንካው የሚል። ፈረመበት።

ታኅሣሥ ፲፥ ሰኞ። ጎንደር።

ተመለስን። ዶቶሩ ከዛሪማ በአዲ አርቃይ በኩል ወደ ሰሜን ሄደ። ሲለየን የሁለታችንንም እጅ ሊጨብጥ ፈለገ፤ አያ ባዬ እጁን ወደ ኋላ ሳበ፤ ቀጥሎ ግን ዘረጋለት።

እኛና በሣር የታሸጉት ድንጋዮች፥ ሃያ ስድስት ሳጥን፥ ጎንደር ገባን። በር ላይ ፍተሻ። በአያ ባዬ አቁማዳ ውስጥ የተሰበረ የጠመንጃ ቃታ ተገኘ። የምስክሩን ወረቀት አወጣ። ካፒታኖው ከሥር ያለውን ፊርማ አይቶ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው።

ወሰዱት።

ታኅሣሥ ፲፩፥ ማክሰኞ።

ለምን ያዘው? ስብርባሪውን ለምን አልጣለውም? ድሃ ብረት አይጥልም፤ አውቃለሁ።

ከካፒታኖው ቢሮ ትእዛዝ መጣልኝ። በድንጋዮቹ ላይ ያለው የዶቶሩ ስም ይሰረዝ፤ የአስቆፋሪው መሥሪያ ቤት ስም ብቻ ይጻፍ። ያገኘው የሚለውም ይሰረዝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት። ቀኑን ሙሉ ልጬ ለጠፍሁ።

ታኅሣሥ ፲፫፥ ሐሙስ።

የአያ ባዬ ምርመራ ሆነ። የዶቶሩ ሥራ ስላለቀ ወደ ቀድሞው ቦታዬ መልሰውኛል፤ አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። ካፒታኖው ጠየቀ፥ አያ ባዬ መለሰ፥ እኔ ተረጎምሁ። ያለውን ነው የተረጎምሁት። አልጨመርሁም፥ አልቀነስሁም።

ታኅሣሥ ፲፬፥ ዓርብ።

ቃል በቃል ነው የተረጎምሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ያጣምመው ነበር። ጾም ነው፤ ማታም አልበላሁም።

ታኅሣሥ ፲፮፥ እሑድ።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከደጀ ሰላሙ ተመለስሁ።

ትናንት በቢሮው መተላለፊያ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ሲያወሩ ሰማሁ። "በአንዲት ቃል ነው የሄደው" አለ አንዱ። "ቃሏን ያረጋገጠው ማን ሆነና" አለ ሌላው። ሲያዩኝ ወሬ ለወጡ። ስለ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ታየች፥ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኋት። "ሽማግሌውን ይፈቱታል?" አለች። ሐሰት አልተናገርሁም አልኋት። እሷ ይህን አልጠየቀችኝም ነበር።

ታኅሣሥ ፳፥ ሐሙስ።

ዛሬ ጠዋት ከአንገረብ ማዶ ረሸኑት። ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር። ፍርዱን በአማርኛ ያነበብሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ ፳፩፥ ዓርብ።

ደብተሬን መዋሸት ምን ይረባኛል? ይህን ቢያገኙት ያው እኔን ነው የሚገድሉት። የሆነውን ልጻፍ።

ማጭድ ይዞ መጣ ያልሁት ሰው ክንዱ ነው፤ ያባቴም የናቴም ልጅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጫካ ነው። ያመጣው ማጭድ አይደለም፤ ጠመንጃ ነው። ቃታው ተሰብሮበት አያ ባዬ አዲስ ሠርቶ ተካለት፤ ወንድሜ መሆኑን አይቶ አወቀ። ክንዱ ሊከፍለው ምንም አልነበረውም። "ሂድ፥ ሂድ" አለው ሽማግሌው።

በምርመራው ላይ ካፒታኖው የጠየቀው መጀመሪያ፥ ምን ትሠራለህ ብሎ ነው።

"እኔ ብረት ነው የማበጅ" አለ አያ ባዬ። "ከአባቴ የወረስሁት ይኸው ነው።"

"ፌሮ" ብዬ ተረጎምሁ። የሚቀጠቀጠው ብረት ማለት ነው። ካፒታኖው እጁን አነሣና አስቆመኝ። ከመሳቢያው አንድ አዋጅ አወጣ፤ "ብረቱን ያላስረከበ ሁሉ ይቀጣል" የሚለውን። ባለፈው ዓመት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ፊደል ጥቂት ቆጥሯልና ቃሏን በጣቱ እያሳየ በራሱ አፍ አነበባት። "ብረት። እዚህ ላይ የጦር መሣሪያ ለሚለው የጻፍኸው ይህን ነው። ይህ ቃል መሣሪያ ማለት ነው ወይስ አይደለም?"

ቀጥቃጭ ሲለው ማረሻ ነው፥ ሽፍታ ሲለው ጠመንጃ ነው ብል ኖሮ ሕፃን እንኳ ይገባው ነበር። ለማስረዳት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፤ ጣልያንኛው አልጠፋኝም። የተሰበረው ቃታ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ክርክሩ ከቀጠለ ቀጥሎ የማን ጠመንጃ ነው ይባላል፤ የማን ነው ከተባለ ደግሞ ክንዱ፥ ከክንዱ እኔ፥ ከኔ ታየች። ነገሩ እዚያው ላይ እንዲያልቅ ፈለግሁ።

"አዎ፥ መሣሪያም ማለት ነው" አልሁ።

ካፒታኖው ጻፈ። "ጠመንጃ እሠራለሁ ብሎ አመነ" ብሎ ጻፈ። ቆሜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃው የማን እንደሆነ ጠየቀው። "መንገደኛ ነው፤ ስሙን አልጠየቅሁም" አለ አያ ባዬ። መቱት። ያንኑ ደገመ። አንዴ እንኳ ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ፥ ዓይኑ ከዓይኔ ጋር ቢገጥም፥ እንደሚያውቁብኝ ገብቶታል።

በኔ ይሁንብህ ብዬው ነበር።

ታኅሣሥ ፳፫፥ እሑድ።

ትናንት ሰንበታቸው ስለ ነበር ዛሬ ወለቃ ሄድሁ። አገኘሁሽ ደጅ ላይ መሬት ተቀምጣለች፤ ራሷን ተላጭታለች። አጠገቧ አያ ይባረክ አለ፤ ቄሳቸው ነው። በር ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ሁሉንም ነገርኋት። ስለ ክንዱም፥ ብረት ስለምትለዋ ቃልም።



"አባቴ የሰውዬውን ማንነት ያውቅ ነበር?" አለች።

"ያውቅ ነበር።"

"አልተናገረም።"

"አልተናገረም።"

አያ ይባረክ ወደ መሬት አቀርቅሮ ነበር። እሷ ግን ፊቴን ታየኛለች። "ይህን ልትነግረኝ የመጣኸው እንድምርህ ነው?"

"አላውቅም" አልሁ።

"የምምርበት የለኝም። ምሕረቱ የሱ ነበር፤ ይዞት ሄደ።" ነጠላዋን ሰበሰበች። "ከማን ጋር ነው የቀበሩት?"

"ከሦስት ሰዎች ጋር። አንድ ጉድጓድ ነው። ወታደር ይጠብቀዋል።"

"ቦታውን ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያ አባቴን አምጣልኝ" አለች። "እንደ ሕጋችን ይቀበር።"

ታኅሣሥ ፳፬፥ ሰኞ።

ታየችን ሳይነጋ ደንቢያ ወደ እናቷ ላክኋት። ለምን እንደሆነ ነገርኋት። አላለቀሰችም። "አሁን ነው የመጣኸው" አለችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ በኋላ ገባኝ፤ ከምርመራው ቀን ወዲህ ከሷ ርቄ ነበር።

ጣልያኖች ቀትር ላይ በልተው ይተኛሉ። በዚያ ሰዓት ከመጋዘኑ ስድስት የድንጋይ ሳጥን ወደ ካሚዮን ይጫናል ብዬ አስወጣሁና በጋሪ አንገረብ ወረድሁ። ከወለቃ የመጡ አራት ሰዎች እዚያ ጠበቁኝ። አያ ይባረክ ቄስ ስለሆነ ሬሳ አይቀርብም፤ እሱ መንደር ቀረ።

ጉድጓዱን የሚጠብቀው ወታደር ያውቀኛል፤ ዘወትር ካፒታኖው አጠገብ ቆሜ ያየኛል። ከመካከላቸው አንዱ ሬሳ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ካፒታኖው አዟል አልሁት። በጣልያንኛ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምላሴ አልተደናቀፈም።

"ወረቀት የለህም?" አለኝ።

"ሄደህ ቀስቅሰውና ጠይቀው" አልሁት።

ካፒታኖውን ከቀትር እንቅልፉ የሚቀሰቅስ ሰው የለም። ወታደሩ ጠመንጃውን ተደግፎ ፊቱን አዞረ።

አራቱ ቆፈሩ፤ እኔም ቆፈርሁ። አያ ባዬን በእጁ ለየሁት። ስናነሣው እግሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። የሦስቱን ሰዎች አፈር መልሰን አለበስናቸው፤ ስማቸውን አላውቅም፤ ለነሱ የመጣ ሰው የለም።

ሬሳውን ጋሪው ላይ አስተኝተን፥ እንዳይታይ ዙሪያውን ሳጥን ለመደርደር ቦታ አልበቃ አለ። ሁለቱን ሳጥን እዚያው ገለበጥናቸው። አንደኛው የትልቁ ድንጋይ ሳጥን ነበር። አሥራ ሰባቱ ፍሬ እየተሰበረ ተንከባለለ። ድንጋዮቹ የታሸጉበትን ሣር ግን ወሰድነው፤ አያ ባዬን አለበስነው።

በወለቃው መንገድ ኬላ ላይ ዘበኛው አንዱን ሳጥን ከፈተ።

"ድንጋይ ነው?"

"ድንጋይ ነው።"

አንድ ቀይ ፍሬ ያለበትን ቁራሽ መርጦ ኪሱ ከተተና እለፉ አለን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ። እኔ ከሩቅ ቆምሁ። አያ ይባረክም ከሩቅ ሆኖ በግእዝ ጸለየ፤ ብዙውን ቃል አውቀዋለሁ፤ በኛም ቤት የሚባል ነው። የቀሩትን ሳጥኖች ሰዎቹ ወንዙ ውስጥ ደፏቸው። ዶቶሩ ይቅር ይበለኝ። ምናልባት ቢያይ እሱም አብሮ ይደፋ ነበር።

ታኅሣሥ ፳፮፥ ረቡዕ።

ትናንት ወታደሮች መጥተው መንደሩን ቤት ለቤት ፈተሹ። እኔን ነው የሚፈልጉት። ወደዚህ፥ ሬሳ የነካን ሰዎች ወዳለንባት ጎጆ ሲመጡ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ ቆማ በእጇ ከለከለቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ።

ታኅሣሥ ፳፰፥ ዓርብ።

ነገ ገና ነው። ታየች በሰላም ደንቢያ ገብታለች፤ አያ ይባረክ ሰው ልኮ አጣራልኝ።

ያለሁባት ጎጆ ከመንደሩ ወጣ ብላ ወንዙ ዳር ናት። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥባታል፤ ሕጋቸው ነው። አራቱ ሰዎችና እኔ አለን። ሰባተኛው ቀን ሲሞላ እነሱ ገላቸውን ታጥበው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። እኔ ወዴት እንደምሄድ የጠየቀኝ የለም። ከነሱ አንዱም አያናግረኝም፤ ሂድ ያለኝም የለም። ማታ ማታ አንዱ ያስነጥሰዋል፥ ሌላው ይማርህ ይለዋል፤ ከዚያ ይተኛሉ።

ምግብ የምታመጣው አገኘሁሽ ናት። ከዛፉ ሥር አስቀምጣ ትመለሳለች፤ ወዳለንባት ጎጆ አትመለከትም። የመጀመሪያው ቀን ያመጣችው አራት ጣባ ነበር። እኔ ዞር ብዬ ተኛሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ አምስት ታመጣለች።